በዕፅዋት አማካይነት የሚዘጋጁ የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣቶችና ፀረ ተሕዋስያን ጠቀሜታቸው

መግቢያ

ብር ከጌጥነትና ከመገበያያነቱ ሌላ ውኃን ከመበላሸት፣ ቁስልንም ከማመርቀዝ ለመጠበቅ ሲያገለግል የኖረ ማዕድን ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፣ የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ለዘመቻ በተነሣ ቁጥር ከኮአስፔስ ወንዝ ተቀድቶ የተፈላ ውኃ በብር ዕቃ ተሞልቶ፣ በበቅሎ በሚሳቡ ሠረገላዎች ይከተለው እንደ ነበር ጽፏል። ከብዙ ዘመናት በኋላ፣ በ1881፣ በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ የወላዶች ሐኪም የነበረው ካርል ክሬዴ በተወለዱ ሕፃናት ዓይን ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ብር ናይትሬት ያለበት ጠብታ ማድረግ ከእናት በሚተላለፍ የጨብጥ ተሕዋስያን ምክንያት የሚመጣውን ዕውርነት እንደሚከላከል ለሕክምናው ዓለም አስታወቀ። ከዚያ በፊት በሐኪሙ ክፍል ከሚወለዱት መቶ ሕፃናት መካከል አሥር ያህሉ በዓይን ሕመም ይያዙ ነበር፤ ጠብታው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ቁጥሩ ከመቶ አንድ በታች ወረደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የአንቲባዮቲክ መድኃኒቶች በስፋት መሠራጨት ሲጀምሩ ብር ወደ ኋላ ቀረ። ሆኖም ፈጽሞ አልተተወም። በ1968 የቀረበው ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የተባለው ቅባት በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማንን ቁስል ለማከም ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። በሌላ በኩል አንቲባዮቲኮችን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየተበራከቱ መጥተዋል። በ2022 ታትሞ የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንደሚገምተው፣ በ2019 ዓመት ውስጥ ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒትን በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ስለሆነም ተመራማሪዎች ዓይናቸውን እንደገና ወደ ብር፣ ወደ መዳብና ወደ ዚንክ መልሰዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን ማዕድኖቹ የሚፈለጉት እጅግ በደቀቀ መልክ ሲሆን፣ ለማዘጋጀትም ከፋብሪካ ኬሚካል ይልቅ የዕፅዋት ቅጠል ተመራጭ እየሆነ ነው።

ይህ ዘዴ «አረንጓዴ ቅመራ» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ ማብራራትና፣ «አረንጓዴ» የሚለው ቃል የአሠራሩን መንገድ እንጂ የተሠራውን ነገር ባሕርይ እንደማይገልጽ ማስገንዘብ ነው።

1. ናኖ ቅንጣት ምንድን ነው?

አንድ ናኖሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ሲደርስ፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ርዝመቱ 2,000 ናኖሜትር ገደማ ነው። ናኖ ቅንጣት የሚባለው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ባለው ልክ ውስጥ የሚገኝ ቅንጣት ነው። እንግዲህ አንድ የብር ናኖ ቅንጣት ከአንድ ባክቴሪያ ጋር ሲነጻጸር፣ ከአንድ በሬ አጠገብ እንደ ተቀመጠ ዝንብ ያህል ሊያንስ ይችላል።

የመጠኑ ማነስ የሚያስከትለው ለውጥ በቀላል ስሌት ይታያል። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ የብር ኩብ የገጹ ጠቅላላ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ይኸው ኩብ ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደ ሆነ ጥቃቅን ኩቦች ቢከፋፈል፣ የብሩ ክብደት ሳይጨምር የገጹ ስፋት 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ያልተፈለጠ ግንድ እሳት ለመያዝ ሲዘገይ ፍልጡ ቶሎ እንደሚነድ፣ ያልተወቀጠ ቡና በውኃ ቢፈላ ጣዕሙን እምብዛም ሳይለቅ የላመው ወዲያው እንደሚለቅ ሁሉ፣ የደቀቀ ብርም ከአካባቢው ጋር የሚገናኝበት ገጽ ስለሚበዛ ጠባዩ ይፈጥናል።

ከዚህም ሌላ ቀለሙ ይለወጣል። ቅንጣቱ በጣም ሲያንስ በገጹ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ጋር ተጣጥመው ስለሚወዛወዙ የተወሰነውን የብርሃን ክፍል ይውጣሉ። በዚህም ምክንያት በውኃ ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ ብር ቢጫ ወይም ቡናማ፣ ደቃቅ ወርቅ ደግሞ እንደ ሩቢ የቀላ ይመስላል። በአራተኛው መቶ ዓመት በሮማውያን የተሠራውና በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የሊኩርጉስ ጽዋ ብርሃን ከውጭ ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከውስጥ ሲበራበት ቀይ ሆኖ የሚታየው በመስተዋቱ ውስጥ ባሉት ደቃቅ የብርና የወርቅ ቅንጣቶች የተነሣ ነው። የመስተዋቱ ሠሪዎች ግን ምክንያቱን አያውቁም ነበር። ቀለሙ ከቅንጣቶቹ መድቀቅ ጋር የተያያዘ መሆኑን በሙከራ ያጠናው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ሲሆን፣ ጥናቱን በ1857 አቅርቧል።

2. ከኬሚካል ወደ ቅጠል

ናኖ ቅንጣትን ለማዘጋጀት ሁለት ዐበይት መንገዶች አሉ። አንደኛው ግዙፉን ማዕድን በመፍጨት፣ በማትነን ወይም በመሳሰለው ኃይል ማድቀቅ ነው። ሁለተኛው በውኃ ውስጥ ከሟሟ የማዕድን ጨው በመነሣት አተሞችን አንድ በአንድ ማሰባሰብ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቀላል ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ይኸውም ለብሩ አዮን ኤሌክትሮን የሚሰጥ ውሁድና፣ የተፈጠሩት ቅንጣቶች ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ የሚሸፍን ሌላ ውሁድ ነው። ለመጀመሪያው ተግባር ሶዲየም ቦሮሃይድራይድና ሃይድራዚን የመሳሰሉት ኬሚካሎች ሲሠራባቸው ቆይተዋል። ከእነዚህ መካከል በተለይ ሃይድራዚን ለጤና አደገኛ መርዝ ነው፤ ከሥራው የሚተርፈውም ዝቃጭ አወጋገዱ ያስቸግራል።

በ1998 ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች የአረንጓዴ ኬሚስትሪ አሥራ ሁለት መርሆችን አወጡ። የመርሆቹ መንፈስ ቆሻሻን ከተፈጠረ በኋላ ከማጽዳት ይልቅ ከመጀመሪያው እንዳይፈጠር ማድረግ ይሻላል የሚል ነው። በተከታዩ ዓመት፣ በ1999፣ በስዊድን አገር የነበሩ ተመራማሪዎች ከብር ማዕድን ማውጫ የተገኘ ሱዶሞናስ ስቱትዘሪ የተባለ ባክቴሪያ ብርን በሕዋሱ ውስጥ እስከ 200 ናኖሜትር በሚደርሱ ቅንጣቶች መልክ እንደሚያከማች አሳዩ። ለባክቴሪያው ይህ ራሱን ከመርዝ የመከላከያ ዘዴ ነው፤ ለተመራማሪዎቹ ግን ሕይወት ያለው ነገር ናኖ ቅንጣት ሊሠራ እንደሚችል አመለከታቸው።

ባክቴሪያን ማርባት ጊዜና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀጥሎ በአሜሪካ አገር የቴክሳስ ተመራማሪዎች የአልፋልፋ ተክል ከሥሩ የመጠጠውን ወርቅና ብር ወደ ናኖ ቅንጣት እንደሚለውጥ በ2002 እና በ2003 አስታወቁ። በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ደግሞ ሕይወት ያለው ተክል እንኳ ሳያስፈልግ፣ የተቀቀለ ቅጠል ውኃ ብቻውን እንደሚበቃ አረጋገጠ። በ2004 የወጣው የዚሁ ቤተ ሙከራ ጥናት በኒም ቅጠል ውኃ አማካይነት ከብሩ አዮን ከመቶ ዘጠና ያህሉ በአራት ሰዓት ውስጥ ወደ ብር እንደ ተለወጠ ይገልጻል። በዚያው ዓመት በጠጅ ሣር ዘመድ ቅጠል ሦስት ማዕዘን ያላቸው ስስ የወርቅ ቅንጣቶች ተገኙ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የሚበቅል ቅጠል፣ ቅርፊትና ልጣጭ ሁሉ ተሞክሯል ማለት ይቻላል።

3. የአሠራሩ ሂደት

የሥራው ቅደም ተከተል ሲታይ ቀላል ነው። ቅጠሉ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ተከትፎና በተጣራ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ተቀቅሎ ይጠለላል። ጥላዩ በውኃ ከሟሟ ብር ናይትሬት ጋር ይደባለቃል፤ የተለመደው የብር ናይትሬት መጠን በአንድ ሊትር 0.17 ግራም ብቻ ነው። ከጥቂት ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፈዛዛው ውኃ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ይህ የቀለም ለውጥ የብር ቅንጣቶች መፈጠራቸውን የሚጠቁም የመጀመሪያው ምልክት ነው።

በውስጡ የሚካሄደው ግን ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፌኖል ያላቸው ውሁዶች፣ ፍላቮኖይዶች፣ ስኳሮችና አስኮርቢክ አሲድ ለብሩ አዮን ኤሌክትሮን ይሰጡታል፤ አዮኑም ኤሌክትሪካዊ ሙላቱን አጥቶ ተራ የብር አተም ይሆናል። በሁለተኛው ደረጃ አተሞቹ እየተሰባሰቡ እንደ ፍሬ ያለ እምብርት ይሠሩና በዙሪያው ያድጋሉ። በሦስተኛው ደረጃ ፕሮቲኖችና ሌሎች የቅጠሉ ውሁዶች የቅንጣቱን ገጽ ሸፍነው ዕድገቱን ይገታሉ፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ ይለያዩአቸዋል። በፋብሪካው ዘዴ በሁለት ኬሚካሎች የሚከናወነውን ሥራ ቅጠሉ ብቻውን ይወጣዋል ማለት ነው።

የቅንጣቱ መጠንና ቅርጽ በሙቀቱ፣ በአሲድነቱ ልክ፣ በጨውና በቅጠል ውኃው ምጣኔ እንዲሁም በጊዜው ርዝመት ይወሰናል። እዚህ ላይ የዘዴው ዋነኛ ድክመት ይታያል። የአንድ ተክል ቅጠል የውሁዶቹ ዓይነትና ብዛት እንደ አፈሩ፣ እንደ ከፍታው፣ እንደ ቅጠሉ ዕድሜና እንደ ወቅቱ ይለያያል። በክረምት የተቀጠፈ ቅጠል በበጋ እንደ ተቀጠፈው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ የተክሉን ሳይንሳዊ ስም ብቻ ጠቅሶ ማለፍ አይበቃም፤ የተቀጠፈበትን ቦታና ጊዜ መመዝገብ፣ ናሙናውንም በዕፅዋት ቤተ መዘክር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ ሌላው ተመራማሪ ሥራውን ደግሞ ሊያረጋግጠው አይችልም።

ሁሉም ማዕድን በአንድ መንገድ እንደማይሠራም መታወቅ አለበት። ዚንክ ኦክሳይድ ሲዘጋጅ የዚንኩ አዮን ወደ ተራ ዚንክ አይለወጥም። የቅጠሉ ውሁዶች አዮኑን ይዘው ያቆዩታል፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ዝቃጩ በብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት በምድጃ ሲጠበስ ኦክሳይዱ ይገኛል። እንዲህ ያለው ምድጃ የሚፈጀው ኃይል ካልተቆጠረ አሠራሩን በሙሉ አረንጓዴ ነው ማለት ያዳግታል።

4. ቅንጣቶቹ ተሕዋስያንን የሚያጠፉት እንዴት ነው?

ጥቂት ማዕድን በውኃ ውስጥ ሟሙቶ ጥቃቅን ሕይወትን ሊያጠፋ እንደሚችል ስዊሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ኔገሊ አስቀድሞ ተገንዝቦት ነበር፤ ጽሑፉ በ1893 ከሞቱ በኋላ ታትሟል። የብር አዮን ወደ ባክቴሪያ ሲገባ በፕሮቲኖች ውስጥ ከሚገኘው ድኝ ጋር ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ ለመተንፈስ የሚያገለግሉት ኢንዛይሞች ይሰናከላሉ፣ የሕዋሱ ገለፈት ይላላል፣ ሕዋሱን የሚያቃጥሉ የኦክሲጅን ውላጆች ይበዛሉ፣ የዘር መልእክት ተሸካሚው ዲ.ኤን.ኤም ሊጎዳ ይችላል። ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች በአንድ የታወቀ ዒላማ ላይ ሲያተኩሩ ብር ግን በአንድ ጊዜ በብዙ አቅጣጫ ያጠቃል። ጥንካሬው ከዚህ ይመነጫል።

ቅንጣቱ ከአዮኑ የሚለይበትን ነጥብ በተመለከተ ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል። በ2005 የወጣ ጥናት ከ1 እስከ 10 ናኖሜትር ያላቸው የብር ቅንጣቶች በባክቴሪያው ገለፈት ላይ እንደሚለጠፉና ወደ ውስጥም እንደሚገቡ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይቷል። በ2012 ደግሞ በአሜሪካ ሳይንቲስቶች የተካሄደ ምርመራ ጉዳዩን ከሌላ ማዕዘን ተመለከተው። እነዚህ ተመራማሪዎች ቅንጣቶቹን ያዘጋጁትም፣ በኢ. ኮላይ ላይ የሞከሩትም ኦክሲጅን ፈጽሞ በሌለበት ሁኔታ ነበር። ብር አዮን የሚለቀው በኦክሲጅን ሲጠቃ በመሆኑ፣ በዚህ ሁኔታ አዮን ሊወጣ አይችልም። የቅንጣቱ መጠን ከአዮኑ ገዳይ መጠን በብዙ ሺህ እጥፍ ቢጨምርም ባክቴሪያዎቹ አልሞቱም። ከዚህ የተገኘው ድምዳሜ፣ ገዳዩ በዋነኛነት የሚለቀቀው አዮን እንጂ ቅንጣቱ አይደለም የሚል ነው። በዚህ አመለካከት ናኖ ቅንጣት አዮንን ቀስ በቀስ የሚያወጣ ጎተራ ነው፤ ቅንጣቱ ባነሰ መጠን ገጹ ስለሚበዛ ጎተራው ቶሎ ይከፈታል።

5. ምርመራው የሚጠይቀው ጥንቃቄ

የቅንጣቶቹ ኃይል በተለምዶ የሚለካው ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር ላይ ናሙናውን አኑሮ፣ በዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ ስፋት በሚሊሜትር በመመዘን ነው። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አሳሳች ሊሆን ይችላል። ክቡ የሚሰፋው ናሙናው ስለ በረታ ብቻ ሳይሆን በአጋሩ ውስጥ በቀላሉ ስለ ተሠራጨም ነው። ቅንጣት ደግሞ ከአዮን ይልቅ ቀስ ብሎ ይሠራጫል። ስለዚህ ባክቴሪያን ከመራባት የሚያግደውን ዝቅተኛ መጠን በፈሳሽ ውስጥ መለካትም ተገቢ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ማነጻጸሪያ ነው። አንድ ተመራማሪ በኒም ቅጠል የሠራው ብር 12 ሚሊሜትር ክብ አስገኘ እንበል። ይህን ኃይል ያስገኘው ናኖ ቅንጣቱ ነው ከማለቱ በፊት አራት ነገሮችን ጎን ለጎን ማየት አለበት። እነርሱም የቅጠሉ ውኃ ብቻውን፣ ተመጣጣኝ ብር ያለበት ብር ናይትሬት ብቻውን፣ ቅንጣቶቹ ከተለዩ በኋላ የቀረው ፈሳሽና፣ ኃይሉ አስቀድሞ የታወቀ አንቲባዮቲክ ናቸው። ሳይለወጥ የቀረ ብር ናይትሬት ካለ ክቡን የሠራው እርሱ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያም ከሆነ የተገኘው አዲስ ግኝት ሳይሆን የክሬዴ ጠብታ ነው። እንዲሁም ባክቴሪያን የገደለው መጠን የሰውን ሕዋስ የማይጎዳ መሆኑ ካልታየ ስለ ሕክምና ጥቅሙ መናገር አይቻልም። ዕሳትም ተሕዋስያንን ይገድላልና፣ መግደል ብቻውን መድኃኒት አያሰኝም።

6. ጉዳትና ገደብ

ባክቴሪያዎች ብርንም ሊላመዱ ይችላሉ። በ1975 በአሜሪካ አገር በአንድ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ከነበሩ ሕሙማን ብርን የሚቋቋም የሳልሞኔላ ዝርያ ተገኝቶ እንደ ነበር ተመዝግቧል። ይህን ችሎታ የሚሰጡት ጂኖች በ1999 ተለይተው ሲታወቁ፣ የሚገኙት ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊተላለፍ በሚችል የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበት ላይ መሆኑ ተረጋገጠ። በ2018 ደግሞ በተደጋጋሚ ለብር ናኖ ቅንጣት የተጋለጡ ባክቴሪያዎች ቅንጣቶቹን አጣብቆ የሚያዘቅጥ ፕሮቲን በማመንጨት ራሳቸውን እንደሚያድኑ ተገለጸ። እንግዲህ ብርን ያለ ቁጥብነት መጠቀም በአንቲባዮቲክ ላይ የተፈጸመውን ስሕተት መድገም ይሆናል።

ቁጥብነት የጎደለው አጠቃቀም በገበያ ላይ ታይቷል። ሽታ ለማጥፋት ተብሎ ብር የተጨመረባቸው የእግር ሹራቦች በ2008 በአሪዞና ተመርምረው፣ ብሩ በመታጠብ ብዛት ወደ ውኃው እንደሚወጣ ታውቋል። ከቆሻሻ ማጣሪያ ጣቢያ የሚደርሰው ብር ውኃውን የሚያጸዱትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊያውክ ይችላል። የሰውም አካል ከጉዳት ነፃ አይደለም፤ ብር ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ ከሆነ በቆዳ ውስጥ ተጠራቅሞ ቆዳውን ሰማያዊ ግራጫ ያደርገዋል፤ ይህም አርጂሪያ የሚባለው የማይለቅ ለውጥ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1999 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የብር ብጥብጦች ለደኅንነት አስተማማኝና ፈዋሽ ተብለው እንደማይታወቁ የወሰነው በዚህ ረገድ ማስረጃ በመጥፋቱ ነው። ቅንጣቱ በቅጠል መሠራቱ ከእነዚህ ጉዳቶች አንዱንም አያስቀርም።

7. በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታና የትምህርት ፋይዳው

ኢትዮጵያ ወደ 6,000 የሚጠጉ የከፍተኛ ዕፅዋት ዝርያዎች ሲኖሯት፣ ከመቶ አሥር ያህሉ በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። ሕዝቡም ስለ ዕፅዋቱ ያካበተው ዕውቀት ሰፊ ነው። በ2020 የወጡ ጥናቶች በኮሰረት ቅጠል የዚንክ ኦክሳይድ፣ በኮሶ ቅጠል ደግሞ የመዳብ ናኖ ቅንጣቶች ተዘጋጅተው በባክቴሪያዎች ላይ መሞከራቸውን ይገልጻሉ። ቅቤ የሚነጠርበት ኮሰረትና ለኮሶ ትል መድኃኒት የሆነው ዛፍ በዚህ መልክ ወደ ቤተ ሙከራ መግባታቸው ደስ የሚያሰኝ ነው። ዘዴው ውድ መሣሪያና ከውጭ የሚመጣ ብዙ ኬሚካል ስለማይፈልግ ለዩኒቨርሲቲዎች ምቹ ነው፤ የሚያስቸግረው የተገኘውን ቅንጣት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና በመሰል መሣሪያዎች አጣርቶ ማወቁ ላይ ነው።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም ርእሱ ጥሩ መሣሪያ ይሆናል። ተማሪዎች በክፍል ውስጥ በየፊናቸው የሚማሩት የኤሌክትሮን ልውውጥ፣ የገጽ ስፋት ስሌት፣ የብርሃን ቀለምና የባክቴሪያ አካል በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተው ይታያሉ። የማነጻጸሪያን አስፈላጊነት ለማስረዳትም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ብር ናይትሬት ቆዳን የሚያጠቁርና ዓይንን የሚያቃጥል በመሆኑ፣ ሙከራው የሚካሄደው በመምህር ክትትል፣ በጓንትና በመነጽር መሆን ይገባዋል። የተረፈውም ፈሳሽ ወደ መፋሰሻ ሳይደፋ በዕቃ ይከማቻል። ተማሪዎች «አረንጓዴ» የሚለው ቃል እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የሚማሩት በዚህ የመጨረሻ ተግባር ላይ ነው።

መደምደሚያ

የተቀቀለ ቅጠል ብርን ወደ ናኖ ቅንጣት የመለወጥ ችሎታ እንዳለው ተረጋግጧል፤ በዚህም አደገኛ ኬሚካሎችን መተካት ይቻላል። የተገኘው ቅንጣት ባክቴሪያን እንደሚያጠፋም የታወቀ ነው። በእነዚህ በሁለቱ እውነቶችና በሕሙማን አልጋ መካከል ግን ገና ያልተሻገረ ረጅም መንገድ አለ። መንገዱን የሚያሳጥረው በሌላ ቅጠል ተጨማሪ ክብ መለካት ሳይሆን፣ የተሠራውን ቅንጣት ደግሞ ለመሥራት መቻል፣ ከብር አዮን ጋር በትክክል ማነጻጸር፣ በሰው ሕዋስና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መመዘንና ለሚያስፈልገው ቁስል ብቻ መቆጠብ ነው። ክሬዴ በጥንቃቄ ቆጥሮ፣ በፊትና በኋላ የነበረውን አነጻጽሮ የሕፃናትን ዓይን እንዳዳነ ሁሉ፣ የአሁኑም ብር ለሕሙማን የሚደርሰው በዚያው ዓይነት ጥንቃቄ ነው።